ደርቆ የወጣው ዘንግ

ሰውዬው ዘግይቷል።

ቃለአብ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ ቻፓቲ ቂጣ የምትጠብስ ሴት ከዘረጋችው ሸራ ሥር ተቀምጧል። ቀጠሮው ስምንት ሰዓት ነበር፤ አሁን ስምንት ከሩብ ሆኗል። ደንቡ አሥር ደቂቃ ካለፈ ተነሥተህ ሂድ ይላል። አንድ የዕቃ አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ከራሳቸው በላይ አለፈ። ሴትዮዋ ቀና እንኳን አላለችም።

አብዱልአዚዝ ከመጋዘኑ በር ብቅ አለ።

የሥራ ቱታውን እንደለበሰ ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ ናይሮቢ ያረጀ፣ የሦስት ልጆች አባት። በእጁ የኡንጋ ከረጢት ይዟል፤ ሁለት ኪሎ የበቆሎ ዱቄት የሚይዝ ወረቀት። ሁለት ቻፓቲ አዘዘና ከረጢቱን አግዳሚው ላይ፣ ከቃለአብ ቀኝ እጅ አጠገብ አስቀመጠው። ፊቱን ወደ ምጣዱ እንዳዞረ ተናገረ።

«ዋናው ነው። ኮፒ የለውም።»

«ኮምፒውተሩስ?»

«ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ነው የሚለው። እኔ የጻፍኩት ዘንጉ ያሳየኝን ነው።»

«አራተኛው ታንክ?»

«አምስት ቀን ደርቆ ወጣ። ገጹን አጥፌልሃለሁ።»

ብርማ መኪና ከማዕዘኑ ታጠፈ።

የዶክተሩ መኪና፤ የሁለቱም ቀጣሪ።

ቃለአብ በዚህ ሰዓት ዌስትላንድስ ባለው የዶክተሩ ቢሮ ውስጥ መሆን ነበረበት። እዚህ የሚያመጣው ምንም ምክንያት የለውም። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። እንደገና አሠረ። ጎማው ጠጠሩን እየጨፈለቀ ከኋላው አለፈ። የመጋዘኑ በር ተከፈተ፤ ተዘጋ።

አብዱልአዚዝ ቻፓቲውን ተቀበለ።

«ቃል ገብተህልኛል። ስሜ አይወጣም።»

«አይወጣም» አለ ቃለአብ። እንዲህ ያለ ቃል ለመስጠት አፉ ምንጊዜም ፈጣን ነው።

*

ማታቱው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የታጠፈውን ገጽ ገለጠ።

በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። አብዱልአዚዝና ሌሎች ሁለት ተረኞች በየጧቱ ረጅም የእንጨት ዘንግ ወደ ታንኩ ይሰዳሉ። ፈሳሹ ናይትሮጅን የነካው የዘንጉ ክፍል ወጥቶ አየር ሲያገኘው አመዳይ ለብሶ ነጭ ይሆናል። ነጩን በሜትር ይለካሉ፤ ኮምፒውተር ላይ ይሞላሉ። አብዱልአዚዝ ብቻ ለራሱ ደብተር ይዞ ነበር። አራተኛው ታንክ ግድግዳው ያልበዋል፤ ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ይጎድላል። አንድ ጊዜ ደግሞ ናይትሮጅን የሚያመጣው መኪና ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። ገጹ እንዲህ ይላል፦

ጁላይ 9፣ ደረቅ። ጁላይ 10፣ ደረቅ። ጁላይ 11፣ ደረቅ። ጁላይ 12፣ ደረቅ። ጁላይ 13፣ ደረቅ፤ ክዳኑ ሲከፈት ይሸታል። ጁላይ 14፣ ተሞላ። ዶክተሩ ዝም በሉ ብሏል።

አሁን ኦክቶበር ነው። በአራተኛው ታንክ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። አንደኛው ዘርይሁን ነው፤ የወርቂቱ ባል።

ቃለአብ ደብተሩን ዘጋ።

ቃለአብ የውሸት ስሙ ነው። በቢሮው መዝገብ «ብርሌ» ይባላል። ቢሮው ምልክት የለውም፤ ለቀጠረው ሁሉ ይሰልላል። አለቃው ሠርክ የምትባል ሴት ናት፤ የምስጢር ስሟ «ወንፊት»። ከአሥራ አንድ ወር በፊት አንድ ሥራ ይዛለት መጣች። ዶክተር ሐብታሙ የሚባል ሰው «ኪዮ ላይፍ» የሚል ድርጅት ከፍቷል። ኪዮ በስዋሂሊ መስታወት ማለት ነው። ሰው እንደሞተ አካሉን በብርድ አቆይቶ፣ መድኃኒት ሲገኝ ለማስነሣት ይሞከራል ይላል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዎች በነጻ ተቀብሏል፤ ፊልም ቀርጿቸው ውጭ አገር ላሉ ሀብታሞች ለማሳየት። ሦስቱም ናይሮቢ ካለው የኢትዮጵያውያን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ሠርክ እንዳለችው ደንበኞቿ ውጭ ያሉ የምእመናኑ ዘመዶች ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ታንኮቹ ሳይሞቁ ይቆያሉ ወይ?

ሠርክ ሦስት ወር አሠለጠነችው። መዝሙር አጠናችው። ምግብ ሲቀርብ እንዳያማትብ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ እንዳይሳለም፣ እጁንም ምላሱንም ገራችለት። ከዚያ በአስተርጓሚነት ድርጅቱ ገባ። መዘምራኑ ውስጥም ቴነር ሆነ።

ችግሩ ሥራውን መቻሉ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ለሰው ሲያስረዳ በመጀመሪያ ቲማቲም ያወጣ ነበር። ፍሪዘር ውስጥ ያደረ፣ አሁን የቀለጠ ቲማቲም። ለአንዲት እናት ይሰጣል።

«ይጫኑት።»

ቲማቲሙ መዳፋቸው ላይ ፍርጥ ይላል። ሰው ይስቃል።

«ለምን ሟሸሸ? ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆነ። በረዶ ሲሠራ ይሾላል፤ እንደ መርፌ ነው። መርፌው ቲማቲሙን ከውስጥ ወጋጋው። ሰውም ዝም ብሎ ፍሪዘር ውስጥ ቢገባ እንዲሁ ይሆናል።»

ቀጥሎ ከኪሱ ከረሜላ ያወጣል። ጥርት ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ።

«ይሄ ስኳር ነው። ስኳር ፍሬ ፍሬ አለው አይደል? እዚህ ውስጥ ፍሬ ይታያችኋል? የለም። ቀልጦ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ፍሬ ለመሥራት ጊዜ አጣ። እንደፈሰሰ ቆመ፤ መስታወት ሆነ። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ደሙንና ከሰውነት የቻልነውን ያህል ውሃ እያስወጣን፣ ለመኪና ራዲያተር እንደሚጨመረው ያለ፣ በረዶ የማይሠራ ፈሳሽ እንተካለን። ከዚያ እስከ መቶ ዘጠና ስድስት ከዜሮ በታች እናወርደዋለን። መርፌ የለም። የሚወጋ የለም። ሰውዬው እንዳለ ይቆማል።»

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ያለ እውነት ነው። እዚህ ላይ ነበር ወርቂቱ እጇን ያወጣችው።

«ከዚህ በፊት የተነሣ ሰው አለ?»

የለም። በዓለም ላይ አንድም የለም። የለም ማለት ምን ይከብዳል? ዶክተሩ ግን ግድግዳ ተደግፎ ያየው ነበር።

«ሳይንሱ እየገሰገሰ ነው፣ እትዬ ወርቂቱ» አለ።

በሳምንቱ ፈረመች። ማርች አሥራ አንድ ቀን ዘርይሁን በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። የድርጅቱ ሰዎች በረዶና ቱቦ ይዘው አልጋው ሥር ይጠብቁ ነበር። ወርቂቱ እጁን ይዛ ልትጮኽ አፏን ስትከፍት ክንዷን የያዛት ቃለአብ ነው። «አሁን ማልቀስ የለም። የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። ይልቀቋቸው» አላት። ለቀቀችው። ድንኳን አልተጣለም፤ ለቅሶም አልተቀመጠችም። ባሏ እኮ ታካሚ ነው።

*

ዌስትላንድስ ሲደርስ ከረጢቱን የአንድ ገበያ አዳራሽ ሱፐርማርኬት ዕቃ መረከቢያ ላይ አስቀመጠ። ዕቃ ይዞ ቀጠሮ አይኬድም። የፕላስቲክ ቁጥር ሰጡት፤ 31። መዳፉ ውስጥ ጨበጠው።

ሠርክ ምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትጠብቀዋለች። ገብቶ ከጎኗ ተቀመጠ።

«ዕቃው?»

«አለ።»

«ጎበዝ። ነገ አራት ሰዓት ፓስፖርትህን እሰጥሃለሁ፤ ማታ ትወጣለህ።»

«ለቤተሰቦቹ መቼ ይነገራል?»

«እሱን ደንበኛው ያውቃል።»

«ወርቂቱ ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ካልፈረመች ካናዳ የሚወስዳት የስደተኛ ወንበር ለሌላ ቤተሰብ ይሰጣል። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ፕሮሰስ ነው። ባሌን ጥዬ አልሄድም ብላለች። ልጇም በሷ ኬዝ ላይ ናት፤ አብራ ትቀራለች።»

«ብርሌ።» ሠርክ እንደ ልጅ አየችው። «ሥራችን ዕቃ ማምጣት ነው።»

ልክ ናት። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር። ቁጥሩን ሊሰጣት መዳፉን መክፈት ጀመረ።

«ዘንጉ አምስት ቀን ደርቆ የወጣበት ገጽ አለበት አይደል?» አለች። «ደንበኛው አጥብቆ የሚፈልገው እሱን ነው።»

ዘንግ።

መዳፉ ተዘጋ።

ስለ ዘንግ ነግሯት አያውቅም። በሪፖርቱ ላይ የጻፈው «የእጅ ደብተር» ብቻ ነው። አምስት ቀን የሚለውን እሱ ራሱ የሰማው ከሦስት ሰዓት በፊት ነው። ዘንጉን የሚያውቁት ሦስቱ ተረኞችና ዝም በሉ ያላቸው ሰው ናቸው።

ደንበኛው ተቀይሯል። ወንፊት ደብተሩን ለራሱ ለዶክተር ሐብታሙ ሸጣዋለች። ገጹ ይቃጠላል። ከመቃጠሉ በፊት ግን ዶክተሩ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ያያል።

«ዕቃው ሌላ ቦታ ነው» አለ ቃለአብ። ድምፁ እንደወትሮው ነበር፤ ለዚህ እንኳን ሠልጥኗል። «ነገ አራት ሰዓት ከፓስፖርቱ ጋር እንለዋወጥ። መሃል ከተማ።»

ሠርክ ለአፍታ አየችውና መኪናዋን አስነሣች።

*

መንገድ ሳይሻገር ስልኩ ጠራ። ዶክተር ሐብታሙ ነው። ሰላዩ ማን እንደሆነ ሠርክ ገና አልሸጠችለትም፤ በድምፁ ያስታውቃል።

«ቃለአብ፣ ያቺ ወርቂቱ ታንኩ ይከፈትልኝ፣ ሳላየው አልፈርምም ብላ አስቸገረች። ሂድና አስረዳት። አንተ ስታስረዳ ሰው ያምናል።»

«እሺ፣ ዶክተር።»

ከረጢቱን ከሱፐርማርኬቱ አወጣ። በምትኩ እውነተኛ ዱቄት ገዝቶ አስቀመጠ። ያው መስኮት፣ ያው ቁጥር 31። ደብተሩን ከሸሚዙ ሥር ከወገቡ ጋር አሰረው። ከዚያ በትራፊኩ መካከል ወደ ኢምባካሲ ተመለሰ።

የወርቂቱ ግቢ ዘበኛ እንደ ደንቡ መዝገብ ዘረጋለት። ስም፣ ስልክ፣ የሚጎበኙት ቤት። ቃለአብ ብሎ ጻፈ።

ከፍታ ያስገባችው አቢግያ ናት፤ የወርቂቱ ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ያደገችው ናይሮቢ ነው። ዓይኗ አብጧል።

«ብራዘር ቃለአብ፣ ፕሊዝ ቶክ ቱ ኸር። ነገ ዴድላይን ነው። ማሚ ስለ ባባ ብላ እኔንም እዚሁ ልታስቀረኝ ነው። እኔ ብቻዬን መሄድ አልችልም፣ ሳዋ? ገባህ? ኬዙ አንድ ነው።» ይህን ብላ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

ወርቂቱ ሶፋው ላይ ሻንጣ ከፍታ ተቀምጣለች። ሻንጣው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ አዲስ የወንድ ካፖርት፣ ወፍራም፣ ዋጋው ያልተነቀለ።

«ለሱ ነው» አለች። «ካናዳ ይበርዳል። እሱ ደግሞ ከብርድ ነው የሚመጣው።» ፈገግ አለች።

ቃለአብ መንገድ ላይ ያዘጋጀውን ውሸት አወጣ። ቢያንስ ወንበሩን የሚያተርፍላት ውሸት።

«ይሂዱ፣ እትዬ። እኛ እንጠብቃቸዋለን። ታንኩ ከተከፈተ ብርዱ ይወጣል፤ ስለዚህ አይከፈትም። ፈርመው ይሂዱ።»

«ሲነሣ ሚስቱን ሲያጣስ? በማያውቀው ሰው መካከል ዓይኑን ሲከፍትስ? አልሄድም።»

«ስለ አቢግያ ያስቡ።»

«አስቤያለሁ። አልሄድም አልኩህ።»

ግድግዳው ላይ የዘርይሁን ፎቶ አለ፤ በካርጎ ሠራተኛ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ እየሳቀ። ቃለአብ እያየው ተናገረ። ደክሞት ነበር።

«ጋሽ ዘርይሁን፣ ነፍስ ይማርና፣ እርስዎ እዚህ እንዲቀሩ አይወዱም ነበር።»

ቃሉ አመለጠው።

ወርቂቱ አልተንቀሳቀሰችም።

በእናቱ ቤት የሞተ ሰው ስም ያለዚያ ቃል አይጠራም። በዚህ ቤት ግን አይባልም። እነዚህ ሰዎች የሞተ ሰው ጉዳይ ከፈጣሪው ጋር አልቋል ብለው ያምናሉ፤ ቋሚውን «ያጽናህ» ይሉታል እንጂ ለሟች ነፍስ አይለምኑም። ሠርክ ደጋግማ ያስጠናችው ይህን ነበር።

«ምን አልክ?»

ቃለአብ ዓይኑን ከፎቶው ነቀለ።

«አንተ የኛ ቤት ልጅ አይደለህም» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ስምንት ወር ከኛ ጋር ዘምረሃል። ማን ነህ?» ከዚያ ሌላው ነገር ገባት። እጇ ካፖርቱ ላይ ቀረ። «ቆይ። ነፍስ ይማር የሚባለው እኮ ለሞተ ነው።»

«አዎ።»

«ታካሚ ነው ያልከኝ አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

ወደ ስልኳ አየች። ዶክተሩ ጋ ብትደውል በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሰዎች ይመጣሉ። ቃለአብ በሩ በስተግራው መሆኑን፣ ከሱ እስከ በሩ አራት እርምጃ መሆኑን ያውቃል። አልተነሣም። ደብተሩን ከሸሚዙ ሥር አውጥቶ የታጠፈውን ገጽ ጭኗ ላይ ዘረጋው።

«ከረሜላውን ያስታውሳሉ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ከረሜላ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው አይተው ያውቃሉ? ይለሰልሳል። ከዚያ ጥራቱ ይጠፋል፤ ይነጣል፤ ስኳሩ ተመልሶ ፍሬ ይሠራል። ሰውም እንዲሁ ነው። መስታወት ሆኖ የሚቆየው ብርዱ ካልለቀቀው ብቻ ነው። ሲሞቅ፣ ሸሽተነው የነበረው በረዶ ተመልሶ ይሠራል። መርፌው ይመጣል። ከዚያም አልፎ ሲሞቅ እንደ ማንኛውም የሞተ ሥጋ ነው። ታንኩ በጁላይ አምስት ቀን ደረቀ። በኋላ ሞሉት፤ ግን የሟሸሸ ቲማቲም ፍሪዘር ቢመለስ አይድንም።»

ጣቷን በሰማያዊው ጽሑፍ ላይ እያስኬደች አነበበች። ደረቅ። ደረቅ። ደረቅ።

«ባይደርቅስ ኖሮ? ይነሣ ነበር?»

ስምንት ወር የዘገየውን መልስ ሰጣት።

«አይታወቅም። እስከ ዛሬ በዓለም ላይ የተነሣ አንድም ሰው የለም። ያን ቀን ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር። ዋሸሁዎት።»

«ጁላይ አሥራ አንድ» አለች ወርቂቱ። «ይህን ካፖርት የገዛሁት ጁላይ አሥራ አንድ ቀን ነው። ሻጩን ትልቅ ሰው ነው፣ ትከሻው ሰፊ ነው እያልኩት።»

ቃለአብ አንገቱን ደፋ። በሕይወቱ ብዙ ሰው አታልሏል፤ እንደዚህ ያፈረበት ቀን ግን የለም።

«ልጮኽ ስል ክንዴን ያዝከኝ። ባሌን እንኳን አላለቀስኩትም።»

«ይቅር ይበሉኝ አልልም።»

«አትበል።» ደብተሩን ዘግታ መለሰችለት። ጓዳውን በአገጯ አመለከተች። «እኔ እንዲህ ብቻዬን ሰማሁ። እሷ ብቻዋን አትሰማም። መርዶ ወግ አለው። ነገ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌውን ጋሽ ተካልኝንና ሰዎች ይዘህ ና። የሌሎቹንም ሁለት ቤቶች ሰዎች። በሁሉም ፊት አንተው ትናገራለህ።»

«ሁሉም ፊቴን ካዩኝ—»

«ይዩህ።»

ከዚያ ተነሥታ ፊቷን ታጥባ፣ ልጇን ለእራት ጠራቻት።

*

ከግቢው ሲወጣ አብዱልአዚዝ ጋ ደወለ።

«ደብተሩ ነገ ጧት በሰው ፊት ይነበባል። ጽሑፍህን ያውቁታል። ዛሬውኑ ከቤት ውጣ።»

ከጀርባ ልጆች የቤት ሥራ ላይ ይጨቃጨቃሉ።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ልጆቼ ፈተና ላይ ናቸው እኮ።»

ስልኩ ተዘጋ።

*

ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስምንት ሰዎች በዘበኛው መዝገብ ላይ ተራ በተራ ስማቸውን ጻፉ። ከፊት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ተካልኝ ናቸው። ሌሊቱን ደብተሩን ሁለት ጊዜ አንብበውታል። «አዳራሹን የፈቀድኩልህ እኔ ነኝ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገሩትም።

ወርቂቱ ሳይንኳኳ ከፈተች። ጥቁር ለብሳለች። አቢግያ ከኋላዋ በፒጃማ ቆማ ሰዎቹን ስታይ ገባት። እዚህ ብታድግም፣ በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ሰው ለምን እንደሚመጣ ታውቃለች።

ጋሽ ተካልኝ ለቃለአብ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቲማቲም አልያዘም። ከረሜላም።

«ጋሽ ዘርይሁን ማርች አሥራ አንድ ቀን፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ ሞተዋል» አለ። «ከዚያ ወዲህ ታካሚ ናቸው ያልኳችሁ ሁሉ እውነት አልነበረም። የቀረውም ተስፋ ታንኩ ሲደርቅ ጠፍቷል። ይህን የምነግራችሁ እኔ፣ ተቀጥሬ በመካከላችሁ የገባሁ ሰላይ ነኝ። እያወቅኩ አስፈረምኳችሁ።»

«ኖ» አለች አቢግያ። «ኖ፣ ኖ። ባባ! ባባ ያንጉ! አባቴን!» እናቷ ያዘቻት። ያኔ ወርቂቱ ጮኸች። ሰባት ወር አፏ ውስጥ የቆየው ጩኸት ወጣ፤ የፎቁ መስኮቶች ተከፈቱ። ከሁለተኛው ቤት የመጣ አንድ ሰው ቃለአብን በጥፊ መታው። አልተከላከለም። ሌሎቹ ገጾቹን አንድ በአንድ በስልካቸው ሲያነሡ ጠበቀ፤ ደብተሩን ለጋሽ ተካልኝ አስረከበና ወጣ።

አራት ሰዓት ላይ መሃል ከተማ፣ ከአውቶቡሶቹ ግርግር መካከል፣ ሠርክ ከፊት ለፊቱ መጣች።

አልተያዩም።

ትከሻቸው ተነካካ።

ፖስታው በሱ እጅ፣ ቁጥር 31 በሷ እጅ።

ዕቃ መረከቢያው መስኮት ላይ ደርሳ ሁለት ኪሎ ዱቄት እስክትቀበል አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ፓስፖርቱ የውሸት ነው፤ ልትከስበት ግን አትችልም፤ ያሠራችው ራሷ ናት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከማያውቀው ቁጥር መልእክት ገባለት። አቢግያ ናት። «ፈርማለች» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም።

*

በሳምንቱ ፍርድ ቤት ታንኩን አስከፈተ። ዶክተር ሐብታሙ የት እንዳለ አይታወቅም። ዘርይሁን ላንጋታ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ቃለአብ መቅረት ነበረበት። ኮፍያና ማስክ አድርጎ ከሰው ጀርባ ቆመ። ከቀብሩ በኋላ ሰው ለማጽናናት ሲሰለፍ ብቻውን ቆሞ መቅረት ዓይን ይስባል፤ ተሰለፈ። ይህን ምክንያት ለራሱ ሰጠው እንጂ እግሩ ቀድሞ ሄዶ ነበር። አቢግያ በጠራራው ፀሐይ ያንን ካፖርት ለብሳለች። እጅጌው እጇን ውጦታል።

ተራው ደረሰ። የወርቂቱን እጅ ያዘ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን።» ቀና ሳትል አወቀችው። እጁን አልለቀቀችም። «ያንኛውን በል።»

«የቱን?»

«ያን ቀን ያመለጠህን። ስምንት ወር ስትናገር፣ ከልብህ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው።»

ጋሽ ተካልኝ አጠገቧ ቆመው ይሰማሉ። ዓይናቸውን ወደ አፈሩ መለሱ።

«ነፍስ ይማር» አለ ቃለአብ። ድምፁ ተሰበረ።

እጁን ለቀቀችው። ከኋላው ያለው ሰው ገፋ አደረገው፤ አለፈ።

ወደ ናማንጋ፣ ወደ ታንዛኒያው ድንበር፣ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ አብዱልአዚዝ ጋ ደወለ። ዝግ ነው። ቤቱ ባዶ መሆኑን፣ ልጆቹም መርዶው ከተነገረበት ጧት ጀምሮ ፈተና ላይ አለመቀመጣቸውን አጣርቷል። የት እንደሄዱ የሚያውቅ አላገኘም። እንደገና ደወለ። ዝግ ነው።

ድንበሩ ላይ የኢሚግሬሽኑ ሰው ፓስፖርቱን ገልጦ በላዩ ያለውን አዲስ ስም ጠራ።

ማንም አልመለሰም።

ሰውየው ቀና ብሎ ሁለተኛ ጠራ።

«አቤት» አለ ያኔ፤ «እኔ ነኝ።»